ለምርመራ ብቁ ያልሆኑት አሥራ ሦስት ድንጋዮች

ለክቡር የመንገድ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ያለ ዕረፍት ለሚሠራው ማኅተምዎ ጤንነትን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የመስፊያ ክፍሏ የጀርባ ግድግዳ ለአዲሱ መንገድ ሲባል ካስቆረጡት ገደል የሚርቀው አራት እርምጃ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤትዎ «ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ ስጋት አይግባዎ» ብሎ የላከላትን ደብዳቤ በመስታወት ክፈፍ አስገብታ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሰቅላዋለች። እኔ ገደሉ ሊናድ ይችላልና ክፍሉን ልቀቂ ስላት «አንተ ያለህ ጠመኔ ነው፤ እነሱ ማሽን አላቸው» ትለኛለች። ስለዚህ ስለ ማሽኑ ጥቂት ምስጋና ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉትን የምርመራ ሪፖርት፣ ማንም አያነበውም ተብሎ በደቃቅ ፊደል እስከተጻፈው የግርጌ ማስታወሻ ድረስ አንብቤዋለሁ። ከገደሉ ሃያ ሁለት የድንጋይ ናሙናዎች በመሰርሰሪያ ወጥተዋል። ዘጠኙ በመጭመቂያው ማሽን ተፈትነው ሁሉም አልፈዋል። አሥራ ሦስቱ ግን ከሳጥኑ ሲነሱ እጅ ላይ ስለፈረሱ «ለምርመራ ብቁ ያልሆኑ» ተብለው ተጥለዋል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥበብ በሥራ ዘመኔ ባውቀው ኖሮ የሚወድቁትን ተማሪዎች ከፈተናው በፊት ከክፍል አስወጥቼ የቀሩትን መቶ በመቶ አሳልፍ ነበር። በየዓመቱም ከርዕሰ መምህሩ ጋር አልጨቃጨቅም ነበር።

፪. ዘጠኙም ቢሆኑ ሦስት ወር መጋዘን ውስጥ ከደረቁ በኋላ መፈተናቸው ለናሙናዎቹ ምቾት ምን ያህል እንደሚያስቡ ያሳያል። ገደሉ ግን ጣራ ስለሌለው ዝናብ ይመታዋል። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር ጥቂት አሲድ ይዞ በስንጥቁ ይገባል፤ ለድንጋዩ ጥንካሬ የሚሰጡትን ማዕድናት ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጣል፤ በውስጡ ያለው ብረትም ይዝጋል። መልኩ እንደ ድንጋይ ይቆያል፣ ጉልበቱ ግን ያልቃል፤ ሲረጥብ ደግሞ ይብስበታል። በስንጥቆቹ ውስጥ ያለውን ቡናማ ዝገትና በጥፍር የሚፋቀውን ነጭ ጭቃ እኔ በአሮጌ መነጽሬ አይቼዋለሁ። ለመሐንዲሶችዎ ከመኪናው መስኮት ሳይታያቸው ቀርቶ ይሆናል።

፫. አቤቱታዬን ይዤ ስመጣ ምክትልዎ ሻዩን በማንኪያ እያማሰለ «አባባ፣ ይህ ድንጋይ እኮ ሚሊዮን ዓመት ቆሟል» ብሎ አጽናንቶኛል። እውነቱን ነው። ሚሊዮን ዓመት የቆመው ግን እግሩ ሳይቆረጥና ለመንገዱ ያስቆፈሩት የጎርፍ ቦይ ወደ ስንጥቁ ሳይመለስበት ነው። ይህንንም ልነግረው አስቤ ነበር፤ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል ብዬ ተውኩት።

ከዚህ በኋላ ያለኝ ልመና አጭር ነው። የተጣሉት አሥራ ሦስቱ ከወደቁት ይቆጠሩ፤ ገደሉ እንደረጠበ እንደገና ይመርመር፤ ውጤቱ እስኪታወቅም እህቴ ክፍሉን እንድትለቅ የሚያዝ የአንድ መስመር ወረቀት ይጻፍላት። ወንድሟን አታምንም፣ ማኅተም ግን ታምናለች። የዝናቡ ወር ሊገባ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ የፈተና አሰጣጥ ስላስተማሩኝም ከልብ እያመሰገንኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ለደብዳቤዎ ውለታ አንድ ኮት በነፃ ልትሰፋልዎ ወስናለች። ልኬቱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የሚቆሙትም ጀርባዎን ለገደሉ ሰጥተው ነው። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ቢመጡልን ደስታችን ወሰን የለውም። ኮሽ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ ከዞሩ ግን የትከሻው ልክ ይዛባልና፣ ልክ እንደ ሪፖርትዎ ሳይነቃነቁ እንዲቆሙ አደራ።