ገጽ አሥራ ሰባትን አብሽ ስለጠቀለልኩበት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የሕዝብ ጤና መጻሕፍት ክፍል ኃላፊ፣
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ለውድ ጤናዎ ይስማማዎት ዘንድ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምሸጠው ጥሩወርቅ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ኩላሊት በሽታ ለሕዝቡ ያሳተሙት መጽሐፍ ደርሶናል። መጋዘን ውስጥ ሳይገለጥ ከርሞ፣ በመጨረሻ ከነእሽጉ በኪሎ ተሸጦ ገበያችን ገብቷል። ወረቀቱ ወፍራም በመሆኑ በርበሬ እንኳን አያፈስምና እናመሰግናለን።

፪. «ለተራ አንባቢ» ከሚለው ርዕስ ሥር ሐኪም ጠርተው ካላስፈቱት የማይገባ ቃል ደርድረዋል። ገጽ አሥራ ሰባት ብቻ፣ ምናልባት በስህተት ይሆናል፣ በሰው አማርኛ ተጽፏል፦ ስኳር ያለበት ሰው እግሩን በየቀኑ ይመልከት፣ ቁስል ካየ ባያመውም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ ይላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

፫. ይህቺን ገጽ ቀድጄ ለመጋላ ሰፈሯ ሃዎ አብሽ ጠቀለልኩባት። ሃዎ ስኳሬን ያወርድልኛል እያለች በየሳምንቱ አብሽ የምትገዛኝ ደንበኛዬ ናት። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን አገላብጣ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፤ ገበያተኛ ተደርድሮ ነበርና ዓይኔን እንኳን ሳልጥልበት የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፣ ምንም አይልም አልኳት። ያን ቀን ጫማዋ የላጣት ትንሽ ቁስል እግሯ ላይ ነበረች፤ አያመኝም ብላ ስቃ ሄደች። በሁለት ወሩ እግሯ ተቆረጠ። እኔም ገጿን ያነበብኳት ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ፣ አብሹ እንደተጠቀለለባት ከራስጌዋ አግኝቼ ነው።

፬. ጥፋቱን ከእርስዎ ጋር እኩል ልካፈል ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እርስዎ ሃዎን አያውቋትም። እኔን ግን ዛሬም በክራንች እየመጣች ትገዛኛለች፣ መርቃኝም ትሄዳለች፤ አፍራለሁ።

እውቀትን በኪሎ ላከፋፈለው ክፍልዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜ ከሁለት ጤነኛ እግር ጋር እመኝልዎታለሁ።

ጥሩወርቅ፣
ማንበብ እየቻለች ያላነበበች

ማስታወሻ፦ ሁለተኛው እትም ለመጠቅለያ የሚወጣበትን ቀን ቢያሳውቁኝ ደስታውን አልችለውም። ይህ ለሕዝብ የሚበተን ግልጽ ደብዳቤ ነውና ሃዎ እጅም ይገባል፤ ምን እንደሚል የምትጠይቀውም እኔኑ ነው። እርስዎ ባያነቡት ግድ የለም፤ እኔ ግን ስለዚህኛው ወረቀት ምንም አይልም ልላት አልችልም።