የዘጋሁት የሆስፒታል በር

ግንቦት 21፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ጉልበቴ እንደ ትናንቱ። ዝናብ። ቆሎ ቆረጠምኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ዘነቡን ጠራኋት። ዘነቡ ልጄ ናት፤ ድንጋዩ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሥራ ከመግባቷ በፊት ወይም ከወጣች በኋላ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የዚያ ሆ/ል በረኛ ሆኜ የተረኛ መዝገቡን በአፌ አስጽፌ በአውራ ጣቴ ስፈርም ኖሬያለሁ። ሐሰት አልገባበትም። አንተም ደብተር እንደዚያ መዝገብ ነህ። የምልህን ተቀበል።

ዛሬ የሚመዘገበው፦ እሑድ በቴሌቪዥን እወጣለሁ።

ነገሩ የየካቲት ነው። ድራማ ሠሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ዓለም በበሽታ ካለቀ በኋላ ያለ ታሪክ ነው አሉ፤ ለዚያ የኛ ሆ/ል ተመረጠ። አባቶቻችን ድንጋዩን በጀርባቸው ያመላለሱለት ቤት። የፈረሰ ይመስላል አሉኝ። አልፈረሰም አልኳቸው። ግድግዳውን ጥላሸት ቀቡት፣ ኮሪደሩ ላይ ሣር በተኑ።

ትልቁ የብረት በር ስቀጠር ክፍት ነበር፤ ጡረታ ስወጣም ክፍት። በረኛ ነበርኩ እንጂ በር ዘጊ አልነበርኩም። በሽተኛ የያዘ ቃሬዛ ከቤት ከተነሣ ሐኪም እጅ እስኪገባ መሬት አይነካም፤ ተሸካሚ ይቀያየራል እንጂ አይቀመጥም። በየመንገዱ የሚያርፍ የሬሳ ቃሬዛ ነው። ስለዚህ በሩ አይዘጋም። ይህን በአገሩ የማያውቅ የለም።

እነሱ ግን በሩ ሲዘጋ ማየት ፈለጉ። በረኛ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናያቸው የሐር እጅ ነው፤ ገፋ ገፋና ላቡን ጠረገ። ሳቅሁበት። በሩ በራሱ ክብደት ወርዷል፤ አንዱ ከሥር በዲጂኖ ሲያነሣ ሌላው መግፋት አለበት። ማጠፊያውን ግራሶ ቀብቼ፣ አንዱን ጎረምሳ በዲጂኖ አስነሥቼ፣ እኔው ገፋሁት። ተዘጋ። አጨበጨቡ። ካባ አልብሰው እንደገና አስዘጉኝ። ወደ ኋላ እንዳታይ አሉኝ። አላየሁም።

ግንቦት 24፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት። ዘነቡ መቀመጫ አጣች፣ ቆማ አየች።

ወጣሁ። ካባው አምሮብኛል፤ ደረቴም ቀጥ ብሏል። እልል አሉልኝ። በሩን ገፋሁት፣ ተዘጋ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ።

ከዚያ ያልነገሩኝን አሳዩ። ለካ ሌላውን በሌላ ቀን ነው የቀረጹት። አራት ሰዎች ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ይዘው ይመጣሉ። እኔ የዘጋሁት በር። ይጮኻሉ፤ የሚከፍት የለም። ከዚያ ቃሬዛውን መሬት ላይ ያስቀምጡታል። መሬት ላይ!

ጎረቤቴ ወ/ሮ እንጉዳይ አማተበች። ደህና እደሩ ሳትል ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ተረት ነው አልኩ።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ፣ ማታ

ገበያ ወጣሁ። ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ይዘው የመጡ ሰዎች ገና ሲያዩኝ፣ «በር ዘጊው መጣ! አያ ተሰማ፣ ስንት ሰው ቆልፈህ ወጣህ?» አሉኝ። አንዱን፣ አንተን ረስቼሃለሁ፣ ና ግባ አልኩት። ሳቁ። አንዲት አሮጊት ግን አልሳቀችም። ጥላዋን ከጥላዬ አራቀች።

ዘነቡ የምትለው አልጣመኝም። ካርድ ክፍሉ ፊት ያሉት አግዳሚዎች ድሮ ሰው ይገፋፋባቸው ነበር። አሁን አንዱ ባዶ ነው። ገጠሬው ቀርቷል።

ሄጄ አየሁት። በሩ እንደዘጋሁት ነው! ከየካቲት ወዲህ ጉልበቴ እዚያ አላደረሰኝም፤ ዘነቡም እንዳልበሳጭ ብላ ደብቃኛለች። ድራማ ሠሪዎቹ ትተውት ሄዱ፣ ዝናቡ መጣ፣ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሰው በጎኑ ባለችው ትንሽ በር ጎንበስ ብሎ ይገባል። ቃሬዛ አያሳልፍም። ከሥሩ ሣር በቅሏል። እነሱ በእጃቸው የበተኑት ሣር፣ አሁን የእውነቱ።

ዘበኛው አያውቀኝም። ምን ፈልገው ነው አባት አለኝ። አባት! እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ ስንቱን ያስገባሁትን ሰውዬ።

ሰኔ 1፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ወንዱ ልጄ አገኘሁ ደወለ። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ነው የሚያርሰው። ሚስቱ ብርቱካን ወሯ ገብቷል። የበኩሩ ጊዜ ሕፃኑ ሞቶ ነው የወጣው፤ እሷን ደም ሊጨርሳት ሲል በቃሬዛ አምጥተን ድንጋዩ ሆ/ል አተረፋት። ሁለተኛውን ቤት እንዳትሞክሪው ብለዋታል ሐኪሞቹ።

አሁን እናቷ ወ/ሮ ጠጂቱ ሆ/ል አትሄድም ብላ እንቢ አለች። ድራማውን በሰው ስልክ አይታለች። ስልኩን ስጣት አልኩት። አዊኛ አመጣችብኝ፤ ስትቆጣ እንዲያ ናት። እኔም በአዊኛ መለስኩ። ኋላ ደክሟት በአማርኛ፣ «ልጄን መሬት ላይ የሚያስቀምጡብኝ አንቱ ኖት። በዓይኔ በብረቱ አይቼዎታለሁ» አለችኝ።

ያ ጨዋታ ነው አልኳት።

«በሩስ? በሩም ጨዋታ ነው? የኛ መንደር ሰዎች ደርሰው አይተውታል። ዝግ ነው!»

ኔትወርክ ሄደ። ሄዶም ገላገለኝ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ዘነቡ ይህን አልጽፍም አለች። ጻፊው አልኳት።

ሰኞ ከቆላው በኩል ቃሬዛ መጣ። ወላድ ናት። በሩ ፊት ደረሱ። ዘበኛው አስቀምጧትና በትንሿ በር ደግፋችሁ አስገቧት ይላቸዋል። አናስቀምጥም። እሱ አስቀምጡ፣ እነሱ አናስቀምጥም። ነርስ ለመጥራት ገብቶ እስኪመለስ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። መንገድ ላይ ሞተች።

ስሟን አላውቅም። እኔ ቆሜ ቢሆን ስሟን እጠይቅ ነበር። መዝገብ ላይ ይገባ ነበር።

የሆ/ሉ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ሰጠኝ። በሩ ከተዘጋ ወዲህ ግቢው ጸጥ ብሏል፣ ለጥበቃም ተመችቷል አለ። ስለ ሟቿ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። እንዲጠገን ደብዳቤ ጽፈናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው አለኝ። ደብዳቤው ቃሬዛ ይዞ ይገባል ወይ አልኩት። ዲጂኖ ይዤ እመጣለሁ ስለው ደግሞ የመንግሥት ንብረት ነው፣ እንዳይነኩት አባቴ፣ ይከሰሳሉ አለኝ።

ወጣሁ። ፈራሁ ብዬ አልዋሽህም ደብተር፤ ፈራሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለ አንድ ማስጠንቀቂያ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያንን ስም ማበላሸት አልፈለግሁም።

እህል አልበላሁም። ያ «ወደ ኋላ እንዳታይ» ያሉኝ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

አገኘሁ አሁን ደወለ። ብርቱካንን ሊነጋጋ ሲል ምጥ ያዛት። ደም አለ። መንገዱ ጭቃ ውጦታል፣ መኪና አይገባም። እናቷን እግሯ ላይ ወድቆ ለመናት። እሺ አለች፤ ግን ቃሏ አንድ ነው። ከዳገቱ ጫፍ ሆ/ሉ ይታያል። እዚያ ስትደርስ በሩን ክፍት ሆኖ ካየችው ይገባሉ። ዝግ ከሆነ ይመለሳሉ። ልጄን እንደ ድራማው ሴትዮ በር ላይ አላሳርፋትም ብላለች።

አሁን ተነሥተዋል። ስምንት ሰው ነው፣ እየተቀያየሩ። ረፋድ ላይ ዳገቱ ጫፍ ይደርሳሉ።

ዘነቡ ኃላፊውን እንለምነው ትላለች። እሱ ቢሮ የሚገባው እነሱ ዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ ነው። አልጠብቅም።

በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። እጄ ከዚያ የሐር እጅ እንደሚበልጥ ለማሳየት ነው የዘጋሁት። እንዲህ ብለሽ ጻፊ ዘነቡ፣ አታለዝቢው።

ግራሶው አለ። ካልነቃነቀ ማጠፊያውን እሰብረዋለሁ፤ በሩ ወድቆ ይቅር። ወደ ቦታው የሚመልሰው ሰው ይፈልግ። ዘበኛው ሊከለክለኝ ይመጣል። የተረኛ መዝገቡን ያምጣ። ሰኔ 6፣ ተሰማ በሩን ከፈተ ብሎ ይጻፍ። በአውራ ጣቴ እፈርምለታለሁ።

በቃ፣ ብዕሩን ተዪው ዘነቡ። ዲጂኖውን ያዢ። አንቺ ከሥር ታነሺልኛለሽ፣ እኔ…