የዓሣው ገንዳ መሠረት

ጥቅምት 4
ልጃችን የመስታወት የዓሣ ገንዳ ላከችልን። ለእናቷ ነው፤ ተኝታ የምታየው ነገር ይኑራት ብላ። ባለቤቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከተጠገነ ሁለት ወር ሞላ። ሐኪሙ "ካልተራመዱ እግርዎ ይሰንፋል፤ በኋላ ቢፈልጉም እሺ አይልዎትም" ብሏት ነበር። እሷ እቴ! ምርኩዟን ግድግዳ አስደግፋ ጣሪያ ታያለች። እወድቃለሁ ብላ ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ… ግን አልነገርኳትም።

ገንዳውን ከአልጋዋ አምስት እርምጃ ርቆ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። "የውሃ ተክል ትከልበት" አለች። ከሥር ምን ይነጠፍ? አርባ ዓመት ግንበኛ ለነበረ ሰው ይሄም ጥያቄ ነው?

ጥቅምት 6
ከመጨረሻ ሥራዬ የተረፈ የእብነ በረድ ስብርባሪ ነበረኝ። ነጭ፣ የሚያምር። አነጠፍኩት። ተክሉንም ተከልኩ።
"ድንጋይ ላይ ምን ይበቅላል?" አለች ከአልጋዋ።
ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ጥቅምት 19
ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። አንድ እፍኝ ስብርባሪ ይዤ ተክሉን የሸጠልኝ የጌጥ ዓሣ ነጋዴ ጋ ሄድኩ።
"ጋሼ፣ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት፤ ይሄ ተክል ደግሞ ኖራ አይወድም።"
ኩሽና ተደብቄ ሞከርኩት። ፍሽሽሽ…
"ምንድን ነው አቼቶ አቼቶ የሚሸተው? ሰላጣ ልትሠራ ነው?"
ኩምሽሽ አልኩ።

ጥቅምት 20
ስብርባሪው ወጣ። አሸዋ ብቻ ላድርግ? ንጹሕ ነው፤ ግን ሥሩ ምን ይበላል? በመጨረሻ እሷው ፈረደች። ከሥር ፍግ ያልገባበት አፈር በስሱ፣ ከላይ የታጠበ አሸዋ። ከወደቀች ወዲህ ይሄን ያህል ስታወራ የመጀመሪያዋ ነው።
አሸዋውንም በአቼቶ ፈተንኩት። ዝም አለ።

ጥቅምት 22
አፈሩን አነጠፍኩ፤ አሸዋውን ደለደልኩ፤ ተክሉን መልሼ ተከልኩ። እጄ ልማዱን አይረሳ… የግንበኛ ማንኪያዬን አንስቼ በጀርባው መጠቅጠቅ ጀመርኩ። ያልተጠቀጠቀ መሠረት ይሰምጣላ!
"ኧረ አትጠቅጥቀው! ሥሩ በምን ይተነፍሳል?"
"ትንሽ ብቻ…"
"ተው አልኩህ እኮ!"
እጄን ያዘችው። ቀና ስል አጠገቤ ቆማለች። ምርኩዟ እዚያው ግድግዳው ጋ ነው። አምስት እርምጃ! ብናገር ትደነግጣለች። እንባዬ ግን መጣ። ጎንበስ ብዬ ወንበር አስጠጋሁላት።
"እሺ፣ እንዴት ይሁን?" አልኳት።

ኅዳር 9
አዲስ ቅጠል ወጥቷል። ሁለት። የቆጠረችው እሷ ናት።
ዛሬ ጠዋት ግን "ደክሞኛል፣ አልነሳም" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አልተከራከርኳትም። ማንኪያዬን ይዤ ገንዳው ጋ ሄድኩና ጠርዙን ኳ፣ ኳ አደረግኩት።
"አንተ ሰውዬ! ደግሞ ልትጠቀጥቀው ነው?"
አልጋው ሲጥ አለ። ከዚያ ምርኩዟ… ጠቅ… ጠቅ… እስክትደርስ ድረስ ማንኳኳቴን አላቆምኩም።