ያጠረው ጀርባዬ

ጥር 6፣ ማክሰኞ
ከመስጊድ መልስ ሱቅ ከፈትኩ። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ግራጫ ኮቴን ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ... ከፊት ወርዷል፣ ከኋላ ተሰቅሏል። ራሴ ቆርጬ ራሴ የሰፋሁት ኮት ነው። አርባ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም። ጨርቁ ይሆናል።

ጥር 8፣ ሐሙስ
ጨርቁ አይደለም። ባለቤቴ ሐጂራ ቁመቴን ለካችው። 166። ከአሥር ዓመት በፊት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት 172 ነው። ሜትሩ በአገልግሎት ብዛት ተስቧል አልኳት። ከመሳቢያ አዲስ አወጣች። 166። አዲሱንም ሜትር አልወደድኩትም።

ጥር 12፣ ሰኞ
የስፌት መኪናውን ገፋ ሳደርግ ጀርባዬ ቀጭ አለ። የፋርማሲው ልጅ ቀና ብሎ ሳያየኝ ኩላሊት ነው፣ ውሃ ይጠጡ አለኝ። ጠጣሁ። ሽንት ቤት ስመላለስ ዋልኩ። ሕመሙ እንደዚያው።

ጥር 15፣ ሐሙስ
ልጄ ፈትያ አጥንትህ ሳስቶ እንዳይሆን አለችኝ። እሱ የሴት በሽታ ነው፤ የጤና መጽሐፌ ላይ ያለው ሥዕል የሴት ነው አልኳት። ክሊኒክ ብትወስደኝ እዚያ ያለውም ሰው ወንድ አይዝም፣ እርጅና ነው ብሎ ራጅ ሳያዝልኝ ሸኘኝ። ከእኔ ጋር በመስማማቱ ደስ አለኝ። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ደስታዬ ቀነሰ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ
ካልሲዬን ሐጂራ አጠለቀችልኝ። ብትቀልድብኝ ይሻል ነበር። መኪናው ላይ መጎንበስ ካቃተኝ ሱቁ መዘጋቱ ነው... ከዚያ ምን ልሆን?

ጥር 21፣ ረቡዕ
ሆስፒታል። ዶክተር ጊፍቲ የምትባል፣ ከፈትያ የምታንስ ልጅ። ኮቴን ለብሼ ደብተሬን ይዤ ከሐጂራ ጋር ገባሁ። እግሬ አላጠረም፣ ሱሪዬ ልክ ነው፤ ያጠረው ከአንገት እስከ ወገብ ያለው ነው ብዬ አስረዳኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
"አባባ፣ ይህን ማን ነገረዎት?"
"ኮቴ።"
ራጅ አዘዘች። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቼ ተጨፍልቀዋል። አጥንት መሳሳት። ወንድንም ይይዛል፣ ወንድ ላይ የሚፈልገው ሰው ነው የጠፋው አለች። ምን መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። ሐጂራ ቦርሳዋን ከፍታ የክኒኔን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፕሬድኒሶሎን። ለቁርጥማት፣ በየቀኑ፣ አራት ዓመት።
"ማን አዘዘልዎት?"
"...እኔ።"
አጥንቴን የበላው በአብዛኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። በአንዴ ማቆምም አደገኛ ነው፤ እሷ ባለችኝ መጠን እቀንሳለሁ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ መልስ ነበረኝ።

ጥር 23፣ ዓርብ
የጤና መጽሐፌን ፕሬድኒሶሎን ላይ ገለጥኩ። "ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ አይወሰድም" ይላል። ከጎኑ በእርሳስ "ሐኪሞች ያጋንናሉ" ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

የካቲት 16፣ እሑድ
አዲሱ የአጥንት መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን ነው። በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት የለም፣ ምግብ የለም፣ ቡና የለም። ይህን ጅማ ላለ ሰው ያዝዛሉ! በር ላይ ቆሜ ሰዓት ስቆጥር ጎረቤቴ ቲጃኒ ደህና አደርክ ሊለኝ መጣ።
"አካም ቡልቴ? ምን ሆነህ ነው እንደ ዘበኛ የተገተርከው?"
አጥንቴ ሳስቷል አልኩት። የሴት አይደለም እንዴ አለ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ አልኩት። ሐጂራ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ።
ቲጃኒ አልሳቀም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቡና ለቀማው ካለቀ ወዲህ የእሱም ጀርባ እንደማያስተኛው ነገረኝ። የሚወስደው ነገር እንዳለ ጠየቅኩት። ለጉልበቱ ቁርጥማት ትንሽ ነጭ ክኒን አለችው፣ ሁለት ዓመት ሆናት።
"ማን ነው ውሰድ ያለህ?"
"አንተ ነህ እንጂ።"
ያቺው የእኔ ፕሬድኒሶሎን ናት። በራስህ እንዳታቆማት አልኩት። ነገ ጠዋት አብረን ሆስፒታል እንሄዳለን። ማን እንዳዘዘለት ለዶክተሯ የምነግራት እኔ ነኝ።