ድንጋዩ ወንዝ ዳር ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለገዳሙ፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ወገብህስ ተወህ? ባለቤትህ ሂዊ እንዴት ናት? ጅግጅጋ ሙቀቱ በረድ አለላችሁ? እኛ ከናፍቆትህና ከነገሩ በቀር ደህና ነን። እግዚአብሔር ይመስገን የምለው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ስንቆጠር ሙሉ ነን።

ስልኩ ከጠፋ ሁለት ወር አለፈው፤ ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ ነው የምልክልህ። የመጨረሻው መልእክትህ ግን ኔትወርኩ ከመቋረጡ በፊት ደርሷል። «ፈንታን ወደ እኔ ላኩት፤ እናንተ ግን ለታቾቹ እንዳትንበረከኩ» ያልክበት ድምፅ ማለቴ ነው። የላይ ጎጥ ጎረምሶች ከስልክ ወደ ስልክ ሲያስተላልፉት ከርመው አሁን በቃላቸው ይወጡታል። ዳዊት እንዲህ ቢያጠኑ ኖሮ መሪጌታ ምን ባላቸው።

አንተ ነገሩን የሰማኸው ከላዮቹ አፍ ነውና እስቲ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሰኔ ላይ የላዮቹ በሬዎች ወንዙን ተሻግረው የታቾቹን ክልክል ሜዳ ጋጡ። ዱላ ተማዘዙ። ግርግሩ ሲበተን አብይ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ግራ ዓይኑን ይዞ ተቀምጧል። ዓይኑ አልተረፈችም። ላዮቹ «ሲሸሽ ወድቆ እንጨት ወጋው» ይላሉ። ታቾቹ «ፈንታ አነጣጥሮ መታው» ይላሉ። ወንድማችን ፈንታ ደግሞ «ዱላዬን ወረወርሁ፤ የት እንዳረፈ አላየሁም» ይላል። ይህችን የምታህል እውነት ከሁለቱም ወገን የሚያነሳት ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ወንዙን የሚሻገር ወንድ የለም። ፈንታ በታቾቹ በኩል ያለው ማሳው ላይ ከጠቡ በፊት የዘራው ጤፍ ደርሶ መርገፍ ጀምሮ ነበር፤ እሱ ከላይ ሆኖ ያያል፣ የአብይ ዘመዶች ከታች ሆነው እሱን ያያሉ። እኔ ላይ ተወልጄ ታች ያገባሁ ስለሆንሁ እንደ ልቤ እሻገራለሁ። ለላዮቹ የታቾቹ ሰላይ ነኝ፣ ለታቾቹ የላዮቹ። ሁለት ሥራ ይዤ ደመወዜ ግን ያው የአስተማሪ ነው።

አብይ የሚበላው እኛ ቤት ነው። ሳህኑን ሳስቀምጥለት ጭንቅላቱን ሙሉ ያዞርና በቀረችው ዓይኑ ያየኛል። «እስቲ መጀመሪያ ቅመሽው የፈንታ እህት» ይላል። ባለቤቴ «ይቀልዳል እኮ» ይለኛል። እኔም እየሳቅሁ እቀምሳለሁ። ይኸው አምስት ወር ሙሉ የቀልድ ጉርሻ ስበላ ወፍሬያለሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ የሁለቱም ጎጥ ሽማግሌዎች በየፊናቸው የእርቅ ሐሳብ እንድጽፍላቸው ጠሩኝ። የሚያምኑት የእኔን እጅ ጽሕፈት ብቻ ነው አሉ፤ እኔን አላሉም። ከአንድ ደብተር ወረቀት ገንጥዬ ለሁለቱም ጻፍሁ፤ በትምህርት ቤቱ የማኅተም ቀለምም ከሥር አሻራቸውን አኖሩ። ላዮቹ ያሉት፦ ፈንታ እንደ ደንቡ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ በቤተ ክርስቲያኑ በር ይምጣ፣ ተበዳዩ ድንጋዩን ያውርድለት፤ ሜዳው በየሳምንቱ በፈረቃ ይጋጥ፤ እስከ ገና ድረስ ጠመንጃ ይዞ ወንዝ የሚወርድ አይኑር። ታቾቹ ያሉት ምን መሰለህ? ያንኑ። የነሱ ፈረቃ ብቻ አሥራ አምስት ቀን ነው። እንዲህማ ከሆነ ነገሩ አልቋል ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ያህል ዘመን አስተምሬ ይህን ያህል ጅል ነኝ።

መካከል ላይ ለቅሶ ገባና ወረቀቶቹን መለዋወጡ ሁለት ሳምንት ዘገየ። በቀኑ ወደ ላይ ጎጥ ወጥቼ የታቾቹን ሐሳብ ላነብላቸው ቆምሁ። ወረቀቶቹ አንድ ዓይነት፣ አጣጠፋቸው አንድ ዓይነት። ግማሽ ካነበብሁ በኋላ «በየሳምንቱ» የሚለው ላይ ስደርስ ላቤ መጣ። ለላዮቹ የራሳቸውን የላዮቹን ወረቀት እያነበብሁላቸው ነው።

ላቆም ስል አጎታችን አያ ሙላት ብድግ አሉ። ያን ቃል በቃል ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው። «በየሳምንቱ? ከብቶቻችን ሣሩን ገና ሳይለምዱት ሊያባርሩን ነው!» አሉ። ሌላው ቀጠለ፦ «ለምን በቤተ ክርስቲያን በር? ከበሩ ውጭ ሊከቡን ነዋ!» «እስከ ገና ማለትስ? ከገና ማግስት እንገድላችኋለን ማለት አይደል?» አያ ሙላት በመጨረሻ ከዘራቸውን መሬት ላይ ወግተው «ይህን ያስጻፈ ሰው እግዜርን አያውቅም» ብለው ረገሙ። አሜን ተባለ። እኔም አሜን አልሁ፤ ምን ላድርግ?

ወንዙን ስሻገር ስህተቴን ላርም ነበር አሳቤ። ግን ሰይጣን ነው መሰለኝ፣ ለታቾቹም የራሳቸውን ወረቀት የላዮቹ ነው ብዬ አነበብሁላቸው። እነሱ ደግሞ «አሥራ አምስት ቀን? ሜዳውን ላጭተው ሊመልሱልን!» አሉ። አብይ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህራችን፣ ሰው የሚመዝነው ሐሳቡን ሳይሆን ያመጣውን እጅ ነው ብሎን ነበር። ለፈተና አጥንቼው ነበር፤ ለኑሮ ግን አላጠናሁትም።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ብናገር ሁለቱም ሊበሉኝ ነው፤ ዝም ብል ፈንታ ከዛሬ ነገ መሞቱ ነው። ለእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ሄጄ ተናዘዝሁ፤ ያቺ ልጆች ሳለን ኮክ ስንሰርቃት የምታባርረን መነኩሴ፣ አሁንም አለች። ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። «ስህተትሽን አትቅበሪው፣ ይበቅላል። ለሚካኤል ሁለቱም ይመጣሉ፤ አደባባይ አውጪው» አለችኝ።

ኅዳር 12 ከቅዳሴ በኋላ በዋርካው ሥር ላዮቹ በአንድ በኩል፣ ታቾቹ በሌላ በኩል ቆሙ። ከጋቢ ሥር ብረት የያዘው ብዙ ነው። አያ ሙላትን ጠርቼ «ከታቾቹ መጣ ብለው በረገሙት ወረቀት ላይ ያን እግዜርን የማያውቅ ሰው አሻራ ይዩልኝ» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጠባሳ ያለባት አውራ ጣታቸው ቁልጭ ብላ ታየች። ወረቀቱን አዩ፣ ጣታቸውን አዩ። «ጣቴን ሰርቀሽኝ ነው» አሉ። ታቾቹ በሳቅ ወደቁ። ወዲያው የእነሱን ዘረጋሁ። አሁን የላዮቹ ተራ ሆነ። ከሳቁ መሀል አንድ ሰው ግን ጠመንጃ ሲያቀባብል ሰማሁ፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሁሉም ስለሰማው ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ።

ያኔ ነው ፈንታ ከሰው መሀል የወጣ። ማንም አላዘዘውም። ወንዝ ወርዶ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጣና አብይ እግር ሥር ተንበረከከ። አብይ ጭንቅላቱን አዙሮ አየው። «ዓይኔ ይህችን ታህላለች?» አለው። ፈንታ ተነሳ፤ ተመልሶ ወረደ። ጎረምሶቻችን «ወንድ አይደለህም! ገዳሙ ምን አለ? አትንበርከኩ አላለም?» ብለው በአንተው ቃል ሰደቡት። ሁለተኛ ሲመጣ የተሸከመው ድንጋይ እንዴት እንደተነሳለት አላውቅም፤ ጆሮው ሥር ደም ወርዷል። እማማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አብይ ጎንበስ አለ። ከዚያ በሁለት እጁ አወረደለት።

ይቅር ለእግዚአብሔር ግን አላለም። ያለውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርሃለሁ። «እስከ ገና ጤፍህን እጨድ፣ የሚነካህ የለም። ይቅር የምለው ግን ያ በስልክ የሚፎክረው ታላቅህ መጥቶ ይህንኑ ድንጋይ ሲሸከም ነው። ካልመጣ ገና ያልፋል።» ሽማግሌዎቹም ወረቀት ሳያስፈልጋቸው ተስማሙ፤ በሁለቱ ጎጥ ታሪክ ሳይከራከሩ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር አንተ ነህ።

ፈንታን ላኩት ብለሃል። አይመጣም። «እኔ ከሄድሁ ነገ በእኔ ቦታ የእህቴን ልጆች ነው የሚቆጥሩ» ይላል። አሁን ጤፉን እያጨደ ነው፤ አብይ ከጉብታው ላይ ተቀምጦ ያየዋል፣ ጠመንጃ አልያዘም። ትናንት ሳህኑን ሳቀርብለት ቅመሽው ሳይለኝ በላ። ከዚህ በላይ ምልክት የለኝም፤ በዚህም ብዙ አትመካ።

አውቃለሁ፣ ያን ድምፅ የላክኸው ስለምትወደን ነው። ከጅግጅጋ ሆኖ አለመንበርከክ ግን ቀላል ነው፤ ጉልበቱ የሚላጠው እዚህ ያለው ነው። ከወንዶቹ ታላቁ አንተ ነህ፤ አባታችን ቢኖር እሱ ይሸከመው ነበር። ድንጋዩን ወንዝ ዳር መልሰው አስቀምጠውታል። ከብት ሲያጠጡ ይዞሩታል እንጂ አንድ ሰው አልተቀመጠበትም። ወገብህን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከገና ሳምንት ቀድመህ ና፣ በእኔ ጓሮ ሌላ ድንጋይ እያነሳህ ትለማመዳለህ።

እማማ «ልጄን በዓይኔ ልየው» ትልሃለች። ፈንታ «ወንድሜ አይቆጣኝ» ይላል። ባለቤቴ በጣም ሰላም ይልሃል። ልጆቹ አጎታችን ምን ያህል ጠንካራ ነው እያሉ ይጠይቁኛል፤ እየዋሸሁልህ ነው። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ የሰረቅኸውን ኮክ አልረሳሁም ብላሃለች። ሂዊን ሳምልኝ፤ ከእሷም ጋር ተማከር። አብይን ሰላምታ አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «ራሱ መጥቶ ይውሰድ» አለ።

እህትህ የኔአለም

ታች ጎጥ፣ ከጉንደ ወይን ወረድ ብሎ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.