ዙህር ሲደርስ የሚከደን መጽሐፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005፣ ከቀኑ 8፡30

ሲሚንቶው ዛሬም ሜዳ ላይ አድሯል። ሸራ አልብሱት ብዬ ነበር። አላለበሱትም። ሌሊት ዘነበበት። ጮህኩ። ደግሜ ጮህኩ። ፎርማኑ ሳቀብኝ። ደግነቱ ምሳ ሰዓት ደረሰ።

ምሳ እንደ ወትሮው ሃይ ማላካል ሰፈር፣ ሰይድ ሱቅ። የኮምቦልቻ ሰው ነው፣ እንደኔ ድንበር ተሻግሮ የመጣ፤ ስኳር፣ ዱቄትና ዘይት በጅምላ ይሸጣል። በዕድሜ እኩያ ነን፤ በጠባይ አንገናኝም። ፉል ከጎረቤት ያስመጣል፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። ከዚያ ያነባል። ከአዲስ አበባ ከዕቃው ጋር የሚያስመጣቸው ቀጫጭን መጽሐፎች አሉት፤ አስፈሪ አጫጭር ታሪኮች። የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያነብም ብዬው ነበር። አታንብ፣ ስማ አለኝ።

የዛሬው፦ ባሏን የቀበረች ሴት ብቻዋን ቤት ውስጥ ናት። ቁምሳጥኑ ውስጥ ሰው ይስላል። የባሏ ሳል ነው። ተነሳች። እጇን እጀታው ላይ አሳረፈች። አዛን! ሰይድ መጽሐፉን ከደነው። ከላስ፣ በቃ፣ የዙህር ሶላት ደርሷል፣ የቀረው ነገ ነው አለ። ላንቀው ነበር። ቁምሳጥን ውስጥ የተዘጋ ሰው አየር ከየት ያገኛል ብዬ ጮህኩበት።

«ሙት እኮ ነው ኢንጂነር፣ አየር ምን ያደርግለታል?» ብሎኝ የውዱ ውሃውን አንስቶ ሄደ።

ምሳውን ሙሉ አንገቴን አልነካሁም። ይህን ያዝልኝ፣ ማስታወሻዬ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፣ ከምሳ በኋላ

ሐኪሟ ደወለች። አላነሳሁም። ቶንፒንግ ሰፈር ክሊኒክ ያለችው ናት፣ አንገቴ ላይ ካለው እብጠት ቆንጥራ ለምርመራ ናይሮቢ የላከችው። ባለፈው፣ ውጤቱ መጥቷል፣ በስልክ አይሆንም፣ ይምጡ ብላኝ ነበር። ለምን አይሆንም? የኮንክሪት ናሙና ውጤት ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ጥሩ ሲሆን ማንም «በአካል ይምጡ» ብሎኝ አያውቅም። በክሊኒኩ በር በየቀኑ አልፋለሁ። ፊቴን አዙሬ። ላንተ ካልሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

የታሪኩ ሴትዮ ቁምሳጥኑን ከፈተችው። ባዶ ነው። ልብስ ብቻ። እፎይ ስትል ሳሉ ከኋላዋ መጣ። ከአልጋዋ። አለቀ! ከሦስት ገጽ አይበልጥም። የክንዴ ፀጉር ቆመ። በዚህ ሙቀት!

ኛኮር የምትባል ሴትም ነበረች። ጋምቤላ ያደገች፣ እዚሁ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት፣ ዘይት ልትገዛ መጥታ ቆማ ስትሰማ ነበር። ጀሪካኗን ጥላ ወጣች።

«እናንተ ሽማግሌዎች፣ ሥራ የላችሁም?» አለች ከደጅ ሆና። «ዛሬ የኔን ቁምሳጥን ማን ሊከፍትልኝ ነው?»

ሰይድ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም። እንዲህ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው? ተመስገን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ስለ ሰይድ አጫጭር ታሪኮች አሰብኩ። ረጅም ልቦለድ ፍርሃትን ያለማምድሃል፤ እየዋልክ እያደርክ ቤተኛ ትሆናለህ። ይኼኛው ፋታ አይሰጥም። ገብተህ ሳትቀመጥ በሩ ከኋላህ ይዘጋል። ትርፍ ዕቃ የለበትም፤ አንድ ሰው፣ አንድ በር። እንዲህ የተሠራ ነገር አከብራለሁ።

ሌላም አለ። የኔ ፍርሃት ቅርጽ የለውም፣ እንደሚያፈስ ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል። የመጽሐፉ ግን መነሻና መድረሻ አለው። ከዚያ ስወጣ ቀልሎኝ ነው የምወጣው።

የዛሬው፦ አንድ ሰው በየጠዋቱ ጫማውን ጭቃ ለብሶ ያገኘዋል። እሱ ከቤት አልወጣም። ማን እንደሚያደርገው ለማወቅ ደፉ ላይ ዱቄት ነሰነሰ። አዛን። አውቄዋለሁ፣ ራሱ ነው፣ በእንቅልፍ ልቡ ይሄዳል አልኩት። ሰይድ ፈገግ ብሎ ለሶላት ተነሳ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ጁምዓ። ሱቁ ዝግ። ታሪክ የለም። አንገቴን ስነካ ዋልኩ። የጨመረ መሰለኝ። ፎርማኑ ላይ ጮህኩበት። ሲሚንቶው ግን ተሸፍኗል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ተሳስቻለሁ። ዱቄቱ ላይ ያለው ዱካ የሚገባ ብቻ ነው። የሚወጣ የለም። ግሩም!

መጽሐፉን ነጥቄ አየሁት። የመጨረሻው ገጽ ጥጉ ታጥፏል፣ የዱቄት ጣት አርፎበታል። ጠየቅሁት። አመነ። ጠዋት ሱቅ ሳይከፍት መጨረሻውን አንብቦ ይመጣል።

«መጨረሻውን ሳላውቅ መጀመሪያውን አልችለውም። ልቤ ቀጥ ይላል፣ ወላሂ!»

አጭበርባሪ አልኩት። ለዚህ ነዋ እኔን ላብ ሲያጠምቀኝ አንተ ተዝናንተህ ሻይ የምትጠጣው! እንግዲያው የኔንም መጨረሻ አስቀድመህ አንብብልኝ ብዬ ጮህኩ። ከአፌ አመለጠኝ። የምን መጨረሻ አለ። ነገርኩት። እብጠቱን፣ ስልኩን፣ ፊቴን አዙሬ ማለፌን። አልሳቀም። አልመከረኝም። ሰኞ አብረን እንሄዳለን አለ። ሱቁንስ ብለው፣ በር አለው፣ ይዘጋል አለኝ።

ተናደድኩ። ከዚያ ወደ ቤት ስሄድ እግሬ ቀለለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10፣ ጠዋት 3፡20፣ ክሊኒክ

ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍህ። ሰይድ አጠገቤ ነው። ዕቃ ማራገፊያ ቀኑ ነበር። ዘግቶ መጣ። አንድ መጽሐፍ ይዟል፣ አልከፈተውም። ሽፋኑን ደጋግሞ በእጅጌው ያብሳል። ከፈራህ ደጅ ጠብቀኝ አልኩት።

«ይኼንን አላነበብኩትም ኢንጂነር» አለኝ። «ቢሆንም እገባለሁ።»

ለሱ ያልነገርኩትን ላንተ እጽፈዋለሁ፦ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ሰው ስለሰጠኸኝ ተመስገን፣ አምላኬ። ለፉሉም፣ ለቁምሳጥኑም።

ስሜ ተጠራ። ለዙህር ገና ነው፣ መሀል ላይ የሚያስቆመን የለም። ሰይድ ቀድሞኝ ተነሳ። የሐኪሟ ክፍል እጀታ ላይ ያለው የሱ እጅ ነው። በሩ ወደ ውስጥ የሚገፋ ነው፤ እሱ ወደ ራሱ ይስበዋል። አይከፈትለትም። ልነሳና ግፋው ልበለው።