አባዬ «እሺ» ያለሽ ጊዜ

ይድረስ ለእታለሜ ለጀዊሪያ በድረዲን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የማዳምሽ ትንሹ ልጅ አሁንም ፀጉርሽን ይጎትታል? ጎትቶ ጎትቶ ራሰ በራ እንዳያደርግሽ አደራ፣ ባል የሚፈልግልሽ እኔ ነኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ጤና አለን፤ ከጤና ሌላ የበዛው የጎደለው ነው። እማዬ ናፍቆትሽና ራስ ምታቷ ተደራርበውባት ሻሽ አስራ ትውላለች። ኢልሀም በቁመት ልትደርስብኝ ነው፤ በምላስ ካለፈችኝ ቆየች።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ለሥራ ወደዚያ የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ ራዊያ ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽ ማዳም እጅ ስለሚያድር ብቻ አይደለም። አንቺ ስትደውዪ አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ፊቴን ያነባል፤ ፊቴ ደግሞ ነገር አይደብቅም። በጽሑፌ አትሳቂ፤ ከስምንተኛ ክፍል የሸኘኝ አስተማሪ «ጭንቅላትህ ጥሩ ቤት ነው፣ ተከራይ አጣ እንጂ» ብሎኛል።

የቆቦን ወሬ ብትጠይቂኝ፣ ዘንድሮ በልጉ አልሆነም። ደመናው ይመጣል፣ እኛን ያያል፣ ሞልቶ እንደመጣ ሚኒባስ ሳይቆም ያልፋል። ዒድ ሰገድን፤ ጎረምሶቹ የሚቆሙበት ሰልፍ ግን ሳሳ ብሎ ነበር፣ ግማሹ በአፋር በኩል ወጥቷል። በፋሲካ እነ ጋሽ ተሾመ እንደ ወጉ ጠሩን፤ የእኛን ዶሮ ለብቻ ያረድኩት እኔ ነኝ፣ ልጁ ሄኖክም «ዶሮዋ አንተን አይታ ነው ቀድማ የሞተችው» አለኝ። ተበላ፣ ተሳቀ፤ ጋሽ ተሾመ ግን ጉርሻውን እጁ ላይ ይዞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነበር። የቀበሌዎቹ የኳስ ውድድርም ተጀምሮ ነበር። በረኛችን እረፍት ላይ ውሃ ልጠጣ ብሎ እንደወጣ ቀረ። በነጋታው ከሎግያ ደወለ፤ ወደ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነኝ አለ። «ስንት ገባብን?» ብሎ ጠየቀን ደግሞ፣ ጉድ ነው! ከዚያ ወዲህ ሜዳው ላይ የሚሮጥ ፍየል ብቻ ነው። ለዝናቡም ዱዓ ተደረገ፣ ቄሶቹም ምህላ ያዙ። ሁሉም ለመነ።

አሁን ወደ አባዬ ነገር ልምጣ። እስካሁን ስቀባጥር የቆየሁት እዚህ ላለመድረስ ነው።

ጅዳ ውሃው በቧንቧ እየተንቆረቆረልሽ ረስተሽው እንደሆን የኛን ላስታውስሽ። ወንዛችን ሆርማት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል። ላይ ተራራው ሲዘንብ ግን የኛ ሰማይ ሳይጠቁር ጎርፉ ይደርሳል። ስለዚህ ሰፈሩ ቀድሞ ወጥቶ በቅርንጫፍና በድንጋይ ክትር ይሠራል፣ መሃሉ ላይ አፍ ይተውለታል። የጎርፉ ግንባር ግንድና ቋጥኝ ይዞ ስለሚመጣ በዚያ አፍ ያልፋል፤ ከኋላው የሚከተለውን ለስላሳ ውሃ ነው አፉን ዘግተው ወደ ማሳ የሚመልሱት። መቼ እንደሚዘጋ የሚናገረው የውሃ አባት ነው፤ እሱም አባዬ። ቋጥኙ ሲንገጫገጭ ቆይቶ ድምፁ ሲለዝብ አባዬ በትሩን ይጥላል፣ ያን ጊዜ ወንዱ ሁሉ ይረባረባል። ዓይን አይጠቅምም፣ ጭቃው ከላይ አንድ ዓይነት ነው። በጆሮ ነው።

የአባዬ ጆሮ ደግሞ ሄዷል፣ እታለም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ። ከእኔና ከእማዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በክረምቱ ጎርፍ ሁሉ ከኋላው ቆሜ ድምፁ ሲለዝብ ጀርባውን ነካ ሳደርገው፣ እሱ በትሩን ሲጥል፣ ሰው «በድረዲን ጆሮ እኮ ነው!» ሲል ከረምን። «አንተ ደግሞ እንደ ጅራት ምን ትከተለዋለህ?» ሲሉኝ «በትሩን ልወርስ ነዋ፣ መንገድ ላይ እንዳይሰርቁብኝ» እላለሁ። ይስቃሉ፣ ያልፋል። ስትደውዪም እንዲሁ ነው። ገና ሳትጨርሺ «ምን አለች?» ይለኛል፣ እኔም ከሆዴ ፈጥሬ እነግረዋለሁ፤ ወፍራለች፣ በሩ አላስወጣት ብሏል፣ ግመል ልትገዛልህ ነው። ቤቱ ሳቅ ይሆናል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ተራራው ጠቆረ። የበልጉ የመጀመሪያ ጎርፍ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወንዙ ዳር ወጡ፤ የውሃ አባት የሚጸናው ወይ የሚቀየረው ያን ቀን ነውና። ጋሽ ተሾመ አባዬን ትከሻውን መታ አድርጎ «በድረዲን፣ አንተ አላረጅም ብለህ እኛን አስረጀኸን፤ ዘንድሮስ በትሩን አታበድረኝም?» አለው። አባዬ ምን እንዳለው አልሰማም፤ ሰው ሲስቅ አይቶ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ዝቅ ብሎ «ዛሬ እጅህን ሰብስብ። ስሜ የሚነሳበት ቀን ነው፣ ራሴ እሰማዋለሁ» አለኝ።

ሰበሰብኩ። ምን ላድርግ? አባት ነው።

ጎርፉ መጣ። ቋጥኙ ገና ሲያጓራ፣ መሬቱ ገና ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በትሩን ጣለ። ወንዱ የክትሩን አፍ ዘጋ። ወዲያው ግንባሩ ደርሶ ክትሩን እንደ ገለባ አነሳው። በጾም አፋችን የተሸከምነው እንጨት፣ ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ሄደ። ሄኖክን ውሃው አንከባሎ ዳር ላይ ጣለው፤ እግሩ አብጦ ተረፈ። ሌላው ውሃ ሁሉ ወደ ታች አሸዋው ገባ። በዚህ በልግ የመጣ ጎርፍ ያ ብቻ ነው። ደጋሊት ማሽላ የምንዘራበት ማሳ እስከ ዛሬ እንደተሰነጣጠቀ ነው።

ሰው ሁሉ ወደ አባዬ ዞረ። እሱ ቆሞ አፋቸውን ያያል። ዝምታና ጩኸት ለሱ አንድ ነው፤ ማን ምን እንዳለው አያውቅም። ዘልዬ መሃል ገባሁ። «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ለቀልድ ነው! ‹ለዝቧል፣ ጣለው› ያልኩት እኔ ነኝ!»

ወላሂ እውነት ስናገር ሰው እንዲህ አምኖኝ አያውቅም። አንድም የጠየቀ የለም። በስኳር ፋንታ ጨው ያቀረብኩላቸው፣ መስጊድ በር ላይ ጫማቸውን ያቀያየርኩባቸው፣ ሁሉም ትዝ አላቸው። ሄኖክ እግሩን ይዞ እንደተቀመጠ «ሙንተሲር፣ ከዛሬ ጀምሮ አታውቀኝም» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ተንኮል ሠርቼበት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ተቀመጡልኝ። ውሃ ያባከነ ሰው ቅጣቱ ይታወቃል፤ ከክትሩ ይገለላል፣ በወንዙ ዝር አይልም፣ የቤቱም የውሃ ተራ መጨረሻ ይሆናል። ጋሽ ተሾመ ይህን ሲናገር ወደ እኔ አላየም፤ በእጁ ያሳደገኝ ሰው ነው። እኔ አንገቴን ደፍቼ «እሺ» አልኩ። አባዬ እኔን ያያል፣ እነሱን ያያል። በመጨረሻ ተነሳና «ተሾመ፣ ልጄን ምን አላችሁት?» አለ። ጋሽ ተሾመ ነገረው። «እ?» አለ አባዬ። ደግሞ ነገረው። «እ?» አለ። ያኔ ጋሽ ተሾመ ቀርቦ ጆሮው ላይ አፉን ደቅኖ በሙሉ ድምፁ ጮኸ። በዚያች ጩኸት ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር አወቀ።

ጋሽ ተሾመ ተመልሶ ሲቀመጥ አባዬ በትሩን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ልጄ ይቀልዳል እንጂ በውሃ አይቀልድም» አለ። «ያን ቀን እጁን እንኳ አላሳረፈብኝም። የጣልኩት እኔ ነኝ፤ መስማት ካቆምኩ ከርሜያለሁ። አውፍ በሉኝ።» አውፍ አሉት። ማን ቀና ብሎ ያየዋል? ጋሽ ተሾመ ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር።

ቤት ስንገባ ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር ስለሌለ አንድ በሆዴ የነበረ ነገር ልጠይቀው አሰብኩ። በረመዳን ደውለሽ እኔ ሱቅ ሄጄ ሳልኖር፣ «አባዬ፣ ኮንትራቴ አልቋል፤ ልምጣ ወይስ ሁለት ዓመት ልጨምር?» ብለሽው ነበር። «እሺ ልጄ፣ እሺ፣ አላህ ያግዝሽ» ብሎሽ ነው የፈረምሽው። ይህን ለእማዬ ስትነግሪያት ነው የሰማሁት። እናም ጆሮው ላይ አፌን ደቅኜ ጥያቄሽን እንዳለ ጮህኩበት። ግማሽ ሰፈር ሰምቷል።

«መቼ ነው እንዲህ ያለችኝ?» አለ።

«በረመዳን።»

«እኔስ ምን አልኳት?»

«እሺ አልካት።»

ጥምጣሙን ፈታ። መልሶ ጠመጠመው። እንደገና ፈታው። ከዚያ «ጻፍላት» አለኝ። «አልሰማኋትም በላት። ብሰማ ኖሮ ነይ ነበር የምላት።»

እታለም፣ በዚህች ቃል ላይ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሌላውን እንደ ልማድሽ ጠርጥሪው፣ ይህችን ግን እመኚኝ። ፊርማሽን መመለስ ይቻል አይቻል አላውቅም። አባዬም አያውቅም፤ ራዊያ መልስ ይዛ የምትመጣ እየመሰለው መቼ እንደምትመለስ ይጠይቀኛል።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ወገብሽን በጥቁር አዝሙድ እሺው ብላለች። ኢልሀም ሰላም ብላሻለች፣ ሽቶም ብላሻለች፤ ሽቶው ይበልጥባታል። ጋሽ ተሾመ ሰላም ብሎሻል፤ በትሩን በር ሥር አቁሞታል እንጂ በእጁ ይዞት አላየሁም። ሄኖክ እስካሁን አኩርፏል፤ ግን ትናንት እያነከሰ በደጃችን ሲያልፍ «ለጀዊሪያ ስትጽፍ የኔንም ሰላምታ ጨምር፣ አንተን አላናገርኩም» ብሏል። አባዬ ከማሳው ዳር ተቀምጧል። ደመና ሲያይ አሁንም ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል።

የሚያበሽቅሽ ወንድምሽ ሙንተሲር በድረዲን

ቆቦ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.